በገል የተጫረ እሳት

ታሪኩን ያቆዩልን ሰዎች የከተማዋን ስም አልነገሩንም። የነገሩን በተራራ ወገብ ላይ የተሠራች መሆኗን፣ ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከመስጊዱ ሚናራ ወርዶ በየደጃፉ እንደሚተኛ፣ እርጥብ እንጨትም የነዋሪዎቿ የዘወትር ራስ ምታት እንደነበረ ነው። በዚያች ከተማ ሸህ ሐሚዲን የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። ደረሳዎች ቁርኣን የሚቀሩበት፣ መንገደኛና ችግረኛ የሚመገብበት ዛዊያ በእጃቸው ነበር። ለዛዊያው ወቅፍ የተደረገው፣ ለአላህ ተብሎ የተሰጠው ጫካም፣ ከጫካው የሚመጣው እንጨትም አማናው፣ አደራው የእሳቸው ነበር።

የዛዊያውን ማድቤት የምትይዘው ጦይባ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ጦይባ ሥራ የጀመረች ሰሞን ሸሁን ስስታም ናቸው ብላ ነበር የገመተቻቸው። እውነቱን ለመናገር የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነበር የሚገምተው። ምክንያቱም አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፤ የምድጃ ማቀጣጠያ።

በዚያ ዘመን ከቆላ የሚመጡ ነጋዴዎች የጥድ ፍቅፋቂ በሰም ዝቃጭ እየለወሱ፣ በእጃቸው እየጨበጡ ያድቦለቦሉትን ማቀጣጠያ ያመጡ ነበር። መጠኑ አንድ ጉርሻ ስለሚያህል የከተማው ሰው «የምድጃ ጉርሻ» ይለው ነበር። ባልጩት አጋጭተው ብልጭታ ካስነኩት ይያያዛል፤ እርጥብ እንጨት ሥር ቢገባ እንኳ ሳይጠፋ ይቆያል። ስለዚህ ሰው ወደደው። ሁለትና ሦስቱን አንድ ላይ ምድጃው ውስጥ ወርውሮ ነበልባሉ ሲንቦገቦግ ማየት እንደ ትልቅ ቤት ወግ ተቆጠረ።

ጦይባም በመጀመሪያው ጠዋት እንደዚያው አደረገች። ጭሱ ማድቤቱን ሞልቶ ስትስል ሸህ ሐሚዲን ከሱብሒ ሶላት ተመልሰው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ምድጃ ስንት አፍ ነው ያለው?»

«አንድ ነው አባቴ።»

«ታዲያ ስለምን የሦስት አፍ አጎረስሽው?»

ጦይባ አፈረች። ሸሁ ግን አልተቆጡም። ጀለቢያቸውን ሰብስበው ከምድጃው ፊት ተንበረከኩ፤ ከወገባቸው ትንሽ ቢላ አውጥተው አንዱን ጉርሻ እንደ ነጭ ሽንኩርት ቆራረጡት። ከቁራሾቹ የጥፍር ያህሏን ብቻ ወሰዱ። ወፍራሞቹን እንጨቶች ከሥር፣ ቀጫጭኖቹን ከላይ አነባበሩና ቁራሿን ከታች ሳይሆን ነፋስ በሚገባበት በምድጃው አፍ በኩል፣ በሁለት ጭራሮዎች መካከል አስቀመጧት። «ቢስሚላህ» ብለው ለኮሱ። ነበልባሏ መጀመሪያ የጠፋች መሰለች። ቀጥላ ጭራሮውን ላሰች፤ ጭራሮው ቀጭኑን እንጨት፣ ቀጭኑም ወፍራሙን ያዘው።

«እሳት ትንፋሽ ነው የሚፈልገው» አሉ ሸሁ እየተነሱ። «ትንፋሹን ከሰጠሽው ጉርሻ አያበዛም። ከዚያ ያለፈው ኢስራፍ፣ ማባከን ነው፤ ነገ የሚጎድልበት ሰው አለ።»

ነገ የሚነደውን እንጨት በምድጃው ትከሻ ላይ ደርድሮ ማድረቅን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ማታ ከዒሻ በፊት ፍሙን ወደ ጥግ ሰብስቦ፣ የወይራ ጉማጅ አስደግፎ፣ በአመድ መዳፈንን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። የተዳፈነው ፍም ሲነጋ በጭራሮ ተቆስቁሶ እፍ ሲባል ይነሣል። ስለዚህ የዛዊያው ምድጃ ማቀጣጠያ የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነበር፤ ያኔም የጥፍር ያህል።

ይህ ለሰፈሩ ሰው መሳቂያ ነበር። የጦይባ ጎረቤት ዘምዘም ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች። ከምንጭ ውሃ ስትቀዳ ጦይባን ባገኘቻት ቁጥር «እኒያ ሸህ ቁራሽ እንዴት አደሩ?» ትላት ነበር። «ጉርሻዋን ሲከትፏት እንባ አይመጣባቸውም?»

«አንቺ ምን ቸገረሽ? ምድጃው ይነዳል።»

«ይነዳል እንጂ። የኔ ምድጃ ግን ሲነድ ከመንገድ ይታያል፣ እቴ።»

የዘምዘም ምድጃ ከመንገድ ይታይ እንደነበር እውነት ነው። የሷ ብቻም አልነበረም። ጉርሻው ከገባ ወዲህ በከተማዋ ፍም መዳፈን ቀርቶ ነበር። ማታ እሳቱ እንደነደደ ይተውና ይሞታል፤ ጠዋት ጉርሻ አለ። አዲስ የተዳሩት ልጆች መዳፈን ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር። ጦይባም ብትሆን በዛዊያው የተማረችውን በዛዊያው ትታው ትመጣ ነበር። በገዛ ቤቷ እንደ ሰው ሁሉ ጉርሻ ትገዛለች።

ነጋድራስ ይማም ይህን ሁሉ ከሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ኖረዋል። ነጋድራስ በከተማዋ የታወቁ ነጋዴ ነበሩ፤ ጦይባና ዘምዘም የሚኖሩበት መንደር ያሉት የሣር ክዳን ቤቶችም የእሳቸው ነበሩ። እህል ቢያከማቹ ሰው እንደሚረግማቸው፣ ቃዲውም እንደሚጠይቃቸው ያውቃሉ። ማቀጣጠያ ማከማቸትን ግን ማን ኢሕቲካር፣ የተከለከለ ክምችት ይለዋል? በዚያ ዓመት ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት ከቆላ የመጣውን ጉርሻ በሙሉ ገዝተው ጎተራቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወንዞቹ ሞሉ፤ የነጋዴዎቹ ቅፍለትም ቀረ።

ጎተራው ሲከፈት ዋጋው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሰው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ገዛ፤ በኋላ መግዛት አቃተው። ባልጩት ቢያጋጩ ዝናብ የጠጣው ጭራሮ አልይዝ አለ። እርስ በርስ እሳት እንዳይጫጫሩ በየቤቱ የተዳፈነ ፍም አልነበረም። አንዳንዱ ሽምብራ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ጥሬውን ቆረጠመ።

የጦይባ ልጅ ረይሃና የወለደችው በዚያው ሰሞን ነበር። ባሏን ለንግድ እንደወጣ ወንዙ ማዶ አስቀርቶታል። አራሷ መደብ ላይ ተኝታ ትንቀጠቀጣለች፤ ሕፃኑ ጡት ሲይዝ ከንፈሩ ይበርዳል። ጦይባ የልጅ ልጇን እግር በመዳፏ ይዛ ስታሽ አድራ፣ ሲነጋ አንዲት ገል ይዛ ወደ ዛዊያው ሄደች። ገሏን በነጠላዋ ሥር ደብቃ ነበር። የጥፍር ያህል ማቀጣጠያ የሚሰስቱ ሰው ፍም ይሰጡኛል ብላ ስላላመነች፣ የምትለምንበትን ቃል ስታሰላስል ነበር መንገዱን የጨረሰችው።

ሸሁ ከምድጃው አጠገብ አገኟት።

«አባቴ፣ ልጄ አራስ ናት። እሳት አጥተናል። ቢፈቅዱልኝ ትንሽ ፍም...»

ሸህ ሐሚዲን ከነጠላዋ ሥር ብቅ ያለችውን ገል አዩ።

«እሳት ለመጫር ፈቃድ የሚጠየቀው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ። «እዚህ ደርሰናል ማለት ነው?»

ገሏን ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው ሞሉላት። በአመድ ሸፍነው ሲመልሱላት እንዲህ አሉ፦ «ለጎረቤቶችሽ ንገሪ። እሳት የሌለው ቤት ገል ይዞ ይምጣ። ደግሞ እንዴት እንደሚዳፈን አሳዪያቸው፤ ነገ ከኔ ሳይሆን ካንቺ ይጫሩ።»

በማግስቱ የዛዊያው በር ላይ ገል የያዘ ሰው ተሰለፈ። ዘምዘም ከመጨረሻው ተርታ ላይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቆማ ነበር። ጦይባ ፍሙን ስትሰጣት «ከመንገድ ይታያል ወይስ ልጨምርልሽ?» አለቻት። ዘምዘም ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ፊቷ ስባ ገሏን ተቀበለች።

ነገር ግን ጦይባን የሚከነክናት ጥያቄ ነበር። ለዚህ ሁሉ ሰው ፍም የሚሆን እንጨት ከየት ይመጣል? የወቅፉ እንጨት ለደረሳዎቹ ምግብ መቀቀያ ተለክቶ የተከመረ ነው፤ ክምሩም ከልኩ አልጎደለም። አንድ ቀን ከወትሮው ማልዳ ስትመጣ መልሱን አገኘችው። ሸሁ ከቤታቸው የእንጨት ሸክም ታቅፈው ጓሮውን እያቋረጡ ነበር። ዘመዶቻቸው ለክረምቱ ማሞቂያ ያመጡላቸው የራሳቸው እንጨት ነው። ከሸክሙ መካከል አንዱ ለስላሳና ክብ ሆኖ ተቀርጿል። ጦይባ ለየችው፤ የጠፍር አልጋ እግር ነበር።

«አባቴ፣ ይህ አልጋዎ አይደለም?»

«ነበር» አሉ ሸሁ ወደ ምድጃው እየከተቱት። «ደረቅ ዋንዛ ነው፤ ጥሩ ፍም ይወጣዋል።»

«በዚህ ብርድ ምን ላይ ሊተኙ ነው?»

«ሰሌን አለኝ። ስሚኝ ጦይባ፣ ያየሽው እዚሁ ይቅር። ሰደቃ ከተወራ ሪያእ፣ ሰው ይየኝ ማለት ይገባበታል። ለማንም እንደማትናገሪ ቃል ስጪኝ።»

ጦይባ ወላሂ ብላ ቃል ሰጠች። ያን ቀን ሥራዋን ስትሠራ ዋለች እንጂ ሐሳቧ ከዚያች የጥፍር ያህል ቁራሽ አልተላቀቀም። ማቀጣጠያ የሚሰስቱት ሰው አልጋቸውን አነደዱት። ይህን ስስት ብሎ የሚጠራ ሰው ስስትን አያውቀውም አለች በሆዷ።

ፍሙ ከቤት ወደ ቤት ተዳረሰ። ሴቶቹ መዳፈን ተማሩ። የነጋድራስ ጎተራ ደጃፍ ጭር አለ።

ነጋድራስ ይማም በጎ ሥራ ሲሠሩ ሰው ቢያያቸው የሚወዱ ነበሩ። አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ጀመዓው ገና ሳይበተን፣ ከረጢት የተጫኑ በቅሎዎች አስነድተው ወደ ዛዊያው መጡ። ጦይባ በማድቤቱ በር ሽንቁር ታያቸው ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም ሸህ ሐሚዲን።»

«ወዓለይኩሙስሰላም። ይግቡ ነጋድራስ፣ ዝናብ ነው።»

«ለዛዊያው ሰደቃ ይዤ መጥቻለሁ። ክረምቱን ሙሉ እንደ ልብዎ የሚያነዱት ማቀጣጠያ ነው። ከእንግዲህ በቢላ መከተፉ ቀረልዎ።»

ከጀመዓው አንዳንዶቹ ሳቁ። ሸሁም ፈገግ አሉ።

«አላህ ይስጥዎ። ከሰደቃው ጋር አብሮ የመጣው ነገርስ ምንድን ነው?»

«ትንሽ ነገር ናት። ይህ በየማለዳው የሚሰለፈው ገል ያዥ ይብቃ። ዛዊያ የዒባዳ ቤት እንጂ ገበያ አይደለም።»

«እውነትዎን ነው፤ ገበያ አይደለም። የማንሸጠውም ለዚያ ነው።»

የነጋድራስ ፊት ትንሽ ጠቆረ። ሸህ ሐሚዲን ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ቀጠሉ።

«እኔና እርስዎ ልጅ ሆነን እዚሁ ምንጣፍ ላይ አብረን ቁርኣን ቀርተናል። ውሃን፣ ግጦሽንና እሳትን ሰዎች እንደሚጋሩ ሸሃችን ሲያስተምሩን ቀድመው ሸምድደው ያስረዱኝ እርስዎ ነበሩ። ያኔ ከኔ ይልቅ የእርስዎ አእምሮ ይይዝ ነበር።»

«እኔ እሳት አልሸጥኩም። ማቀጣጠያ ነው የሸጥኩት።»

«እኔም የእርስዎን ማቀጣጠያ አልሰጠሁም። እሳት ነው የሰጠሁት። ታዲያ በምን ተጣላን?»

አሁን የሳቀው ሌላው ወገን ነበር። ነጋድራስ ወደ በቅሎዎቹ ዞሩ።

«ከረጢቶቹን ልመልሳቸው ነው የሚሉኝ?»

«በቅሎዎቹ ሳይበርዳቸው ይመልሷቸው» አሉ ሸሁ።

ነጋድራስ ሲወጡ በማድቤቱ በኩል ነበር ያለፉት። ጦይባን ሲያዩ ቆሙ።

«አንቺ የምትኖሪው በማን ቤት ነው?»

«በእርስዎ ቤት ነው ነጋድራስ።»

«እንዳትረሺው ብዬ ነው» ብለዋት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ነጋድራስ ወደ ቃዲው አቤት አሉ። ክሱ ቀላል አልነበረም፤ ሸህ ሐሚዲን የሙስሊሞችን ወቅፍ ከተወቀፈበት ጉዳይ ውጭ እየበተኑ ነው የሚል ነው። ይህ ከተረጋገጠ አማናው ከእጃቸው ይወሰዳል፣ ምድጃውም ይዘጋል። ቃዲ ሙንዚር ለማንም የማያደሉ፣ ያልታየ ነገር የማይቀበሉ ሰው ነበሩ። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊዱ ግቢ ተቀመጡ። ወንዶቹ ፊት ለፊት፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆነው ግቢው ሞላ።

«ሸህ ሐሚዲን» አሉ ቃዲው፣ «የወቅፉ እንጨት ለሰፈሩ ሰው ነዷል ይባላል።»

«አልነደደም።»

«ታዲያ የሰፈሩ ምድጃ ሁሉ የሚጨስበት ፍም ከየት መጣ?»

«ከሐላል እንጨት ነው የመጣው።»

«የማን እንጨት?»

 «ይህን ባልመልስ እመርጣለሁ» አሉ ሸሁ።

«ካልመለሱ በሰማሁት ልፈርድ ነው። ምስክር አለዎት?»

«አላህ ያውቀዋል።»

«እኔ የምፈርደው ሰው በሚያየው ነው ሸህ ሐሚዲን። ምስክር ከሌለ እሳት መስጠቱ መቆም አለበት።»

ሸሁ ከተቀመጡበት ተነሱ። በትራቸውን አልያዙም ነበርና ትንሽ ተንገዳገዱ፤ ድምፃቸው ግን ጸንቶ ነበር።

«ቃዲ ሙንዚር፣ ፍርዱ የእርስዎ ነው፤ አልጋፋዎትም። ከአማናው ያንሡኝ፣ ቁልፉን እዚሁ አስረክባለሁ። ዛሬ ማታ ግን ከቤቴ ደጃፍ ላይ ጉልቻ ጎልቼ እሳት አነዳለሁ። ገል ይዞ የመጣን ሰው ዝናብ ላይ አቁሜ አልመልስም። ይህን ከማድረግ ዛዊያውን ማጣት ይቀለኛል።»

 ከመጋረጃው በስተጀርባ ጦይባ ነገሩን በሐሳቧ መዘነች። ከተናገረች ቤቷን ታጣለች፤ ረይሃና ገና አርባዋን አልጨረሰችም። በዚያ ላይ ወላሂ ብላ የሰጠችው ቃል አለ። ዝም ካለች ግን እኒህ ሰው የደበቁት በጎ ሥራ እንደ ሌብነት ይጻፍባቸዋል። ከአጠገቧ የተቀመጠችው ዘምዘም «ምን ሆነሻል? ላብ በላብ ሆነሻል እኮ» አለቻት። ጦይባ አልሰማቻትም። ብድግ አለች።

«ቃዲ፣ እኔ የማውቀው አለ።»

«ጦይባ» አሉ ሸሁ፣ «ቃል ነበረን።»

«ነበረን አባቴ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬ አፈርሰዋለሁ።» ወደ ቃዲው ዞረች። «ለሰው የተሰጠው ፍም የወቅፉ አይደለም። በየማለዳው ከገዛ ቤታቸው እየተሸከሙ ያመጡት ነው። ለክረምት የመጣላቸው እንጨት ሲያልቅ አልጋቸውን ፈልጠው አነደዱት። እግሩን በዓይኔ አይቻለሁ።»

ነጋድራስ ፈጥነው ተነሱ። «ይህች እኮ የእሳቸው ሠራተኛ ናት። ለጌታዋ ብትመሰክር ምን ይገርማል?»

«የምኖረው በእርስዎ ቤት ነው ነጋድራስ» አለች ጦይባ። «ልዋሽ ብፈልግ ለእርስዎ ነበር የምዋሸው።»

ቃዲ ሙንዚር ፈገግታቸውን በጺማቸው ውስጥ ደበቁት። «የአንድ ሰው ቃል ብቻውን አይበቃኝም» አሉና ጫማቸውን አጠለቁ። «ሁለተኛው ምስክር ግን ቅርብ ነው።»

በቀጥታ ወደ ሸሁ ቤት ሄዱ፤ ሕዝቡም ተከተላቸው። ክፍሉ ጠባብ ነበር። ወለሉ ላይ ሰሌን፣ በሰሌኑ ላይ የበግ አጎዛ አለ። አልጋ የለም። የኪታቦቹ ሣጥን ክዳኑ ተነቅሏል። ቃዲው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ምድጃው አስገቡ። አመዱ የከረመ፣ ድንጋዩ እንደ ምንጭ ድንጋይ የቀዘቀዘ ነበር። በምድጃው አፍ ጥግ ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታበታለች።

ቃዲው ድሯን ሳይነኩ እጃቸውን አወጡ። 

«ወቅፉ ደኅና ነው» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ክሱ ወድቋል። ነጋድራስ፣ በጎተራዎ ስላለው ማቀጣጠያ ደግሞ እኔና እርስዎ ሌላ ቀን እንነጋገራለን።»

ነጋድራስ ያን ምሽት የበሉት አልተስማማቸውም መሰለኝ። በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አሽከራቸውን ወደ ጦይባ ላኩ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ቤቱ ይፈለጋል፣ ዛሬውኑ ትልቀቅ።

ጦይባ አልለመነችም። ረይሃናን ጋቢ አከናነበቻት፤ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ አጥብቃ አሰረችው። ከዕቃዋ ሁሉ አስቀድማ ያነሣችው ገሏን ነበር። የተዳፈነውን ፍም ቆስቁሳ ሞላቻት፤ አመድ ነሰነሰችባት። ገሏን በዚህ ጊዜ በነጠላ አልደበቀቻትም። ጭሷ እየታየ፣ በቀን ብርሃን፣ በመንገዱ መካከል ይዛት ወጣች።

ዘምዘም በሯ ላይ ቆማ ነበር።

«ወዴት ነው?»

«አስወጡኝ። ወደ ዛዊያው ጓሮ ነው፤ አንዲት ዳስ አለች።»

«ፍሙን ደግሞ ምን ልታደርጊው?»

«የኔ ነው፤ ትቼላቸው አልሄድም።»

ዘምዘም አንድም ነገር ሳትናገር ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ በእጇ የሚጨስ ገል ይዛ ነበር።

«የኔም ቤት የሳቸው ነው» አለች። «እሳቱ ግን ካንቺ የጫርኩት ነው። እሳቴ ከወጣ እኔ ለአመድ ዘበኛ ልሆን ነው እንዴ?» ከዚያ ያንን የታወቀ ድምፅዋን አወጣችው። «እናንተ፣ ጦይባን አስወጥተዋታል! ከሷ የጫራችሁ ሁሉ ውጡ!»

በሮች ተከፈቱ። አንዷ ወጣች፣ ሌላዋ ተከተለች፤ አሮጊቶች፣ አዲስ ሙሽሮች፣ ልጅ ያዘሉ። ሁሉም ፍም የያዘ ገል በእጃቸው ነበር። ካፊያው ፍሙ ላይ ሲያርፍ ጭስስ ይላል። መንገዱ በጭስ ተሞልቶ፣ ያ ሁሉ ሰው ቀስ ብሎ እየተራመደ የነጋድራስ ይማም አጥር ደጃፍ ላይ ደረሰ።

ነጋድራስ ድምፅ ሰምተው ወጡ። «ምንድን ነው ይህ?»

«ቤቶችዎን ልንመልስልዎ ነው የመጣነው ነጋድራስ» አለች ጦይባ። «ባዶ ናቸው፣ ይረከቡን። እሳቱን ግን ይዘነው እንሄዳለን፤ እሱ የእርስዎ አልነበረም።»

ነጋድራስ አሻግረው መንደሩን አዩ። ከአንዱም ጣሪያ ጭስ አይወጣም ነበር። የዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እሳቸውም ያውቃሉ፤ የሣር ክዳንን ከዝናብ የሚያቆየው ከሥሩ የሚወጣው ጭስ ነው። እሳት የሌለበት ቤት ክዳኑ በአንድ ክረምት ይበሰብሳል፤ ግድግዳውም ይከተለዋል። እነዚያ ሴቶች በእጃቸው የያዙት ፍም የእሳቸውን ሀብት ሲጠብቅላቸው ኖሯል።

 ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ሕፃኑ ማልቀስ ሲጀምር ረይሃና ጋቢዋን አጥብቃ ሸፈነችው፤ እሷም አልተነቃነቀችም።

«ተመለሱ» አሉ ነጋድራስ በመጨረሻ።

«ጦይባስ?» አለች ዘምዘም።

«ሁላችሁም ነው ያልኩት።»

«ስሟን ይጥሩልን እንጂ ነጋድራስ። ነገ ደግሞ አልሰማሁም ይባላል።»

ነጋድራስ መሬት መሬት እያዩ «ጦይባም ትመለስ። በቤቷ ትኑር» አሉ፤ በሩንም ዘጉት።

ሸህ ሐሚዲን ወሬው ደርሷቸው በዝናቡ ውስጥ ሲመጡ ሴቶቹ ወደ የቤታቸው መመለስ ጀምረው ነበር። ዘምዘም መንገድ ላይ አገኘቻቸውና ገሏን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

«ሸህ ሐሚዲን፣ ስለዚያች ቁራሽ ስንስቅብዎ የኖርን ሰዎች ነን። ዓውፍ ይበሉን። አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ። ያን ሁሉ ከረጢት አምጥተውልዎ ነጋድራስን እምቢ ለማለት እንዴት አቅም አገኙ?»

ሸሁ የገሏን አመድ በጣታቸው ገለጥ አድርገው ፍሙ በሕይወት መኖሩን አዩና መልሰው ሸፈኑት።

«ምድጃው በቁራሽ የሚነድለት ሰው» አሉ፣ «እምቢ ለማለት አቅም አያንሰውም።»

ይህን ብለው መግሪብ እንዳያልፋቸው ወደ መስጊዱ አቀኑ። ጦይባ ላፈረሰችው ቃል ማካካሻ የሆነውን ከፋራ ጾማለች ይባላል። ሸሁ ለማፍጠሪያዋ የሚሆን ሾርባ ራሳቸው እያሞቁ ያቀርቡላት ነበር። የሰፈሩ ሰው አዲስ አልጋ ቢያሠራላቸውም የተኙበት ስንት ሌሊት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የመንገደኛ ማረፊያ አድርገውታል።

እኛ ዛሬ ቁጠባ ሲባል የድህነት ወይም የስስት ወግ ይመስለናል። ሸህ ሐሚዲን ግን ማቀጣጠያዋን በጥፍር ልክ ሲቆርጡ ለነገ ለራሳቸው ለማከማቸት አልነበረም፤ ቢሆንማ አልጋቸውን ባላነደዱት ነበር። ስስታም ሰው ከሌላው ይቆጥባል። እሳቸው ከራሳቸው ቆጠቡ። ከዚህም በላይ የቆጠቡት ማቀጣጠያውን ብቻ አልነበረም፤ አንገታቸውን ቀና የሚያደርጉበትን ነፃነት ጭምር ነበር። የነጋድራስ ከረጢት ያልገዛቸው ባለጠጋ ስለነበሩ አይደለም፤ ከረጢቱ ውስጥ የሚፈልጉት ነገር ስላልነበረ ነው። ያች ከተማ በአንጻሩ ብዙ እሳት ስታነድ ኖራ አንድ ፍም መዳፈን ስለረሳች ብቻ በአንድ ጎተራ ደጃፍ ላይ ተንበረከከች፤ የተነሣችውም መዳፈንን መልሳ ስትማር ነው።

ስለዚህ በዚህ ዘመን፣ መናገር በሚገባን ቦታ ሁሉ ዝም ብለን ስንገኝ፣ ጥፋቱን በፍርሃታችን ላይ ብቻ ባናሳብብ መልካም ነው። አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ፤ አፋችን የተያዘው የማንን ጉርሻ ለምደን ነው?